አስፋልት፣ ጠጠር ወይስ ኮንክሪት? የግል መንገዳችሁን ከማንጠፋችሁ በፊት

ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችሁ 300 ሜትር የምትሆን ቀጭን መንገድ አለች እንበል። ሲደርቅ አቧራ፣ ሲዘንብ ጭቃ። መኪናው በታጠበ ማግስት መልሶ ያው ነው። አንድ ቀን ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ትዕግሥታችሁ ያልቅና «በቃ፣ አስፋልት አደርገዋለሁ» ትላላችሁ።

ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን አስፋልት ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው ካልጠነከረ አብሮት ይሰበራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ልብሱ ሲከራከር ይከርምና ስለ ሥሩ ሳይጠይቅ ይፈርማል። እኔም ተሳስቼ ስለማውቅ ነው የማወራችሁ። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት ስለ ውሃና ስለ አፈር ትንሽ ታገሡኝ።

ዝናብ ሲዘንብ ውጡ

ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ይዛችሁ፣ ደህና አድርጎ እየዘነበ ሳለ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ተመልከቱ። ጎማ በቦረቦረው መስመር ይወርዳል? ከላይ ካለው ማሳ መጥቶ መንገዱን ያቋርጣል? ዝናቡ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላም ያልደረቀ ቦታ ካለ፣ ዳሩ ላይ ችካል ምቱ። ነገ አስፋልታችሁን የሚበላው ያ ቦታ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 300 ሜትር በ3 ሜትር ስፋት 900 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 9,000 ሊትር ውሃ አረፈበት ማለት ነው። አፈርና ጠጠር የተወሰነውን ይጠጣሉ። አስፋልት ግን አይጠጣም፤ ሁሉንም ወደ ጎን ይገፋዋል። ቦይ ሳይቆፈር የተነጠፈ አስፋልት ጎርፉን ጎረቤት ግቢ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የመንገድ ሥራ ሳይሆን የሽምግልና ሥራ ነው።

ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ስኮትላንዳዊው መንገድ ሠሪ ጆን ማክአዳም የሚከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ክብደቱን የሚሸከመው ያው የተፈጥሮ አፈሩ ነው፤ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ አይሰምጥም ይል ነበር። አሁንም የፈረሰ መንገድ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ቦዩ ላይ ነው።

አፈሩን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ከሥር ካወጣችሁት አፈር ትንሽ አርጥቡና በመዳፋችሁ መሐል እንደ ክር አድቦልቡሉት። ሳይበጠስ እየቀጠነ ከሄደ ሸክላነት አለው። እንደ ኮትቻ ያለ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውንም አብሮ ይሰነጥቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወይ አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይ ድንጋዩ እየሰመጠ እንዳይጠፋ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ተነጥፎ ከላዩ ወፍራም ድንጋይ ይሞላል።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። ሙሉ የተጫነ ገልባጭ መኪና መንገዱ ላይ በቀስታ አስነዱና ከኋላ ሆናችሁ ጎማውን ተመልከቱ። መሬቱ ከጎማው ሥር እንደ ፍራሽ ጎበጥ፣ ቀና የሚል ከሆነ ገና አልተዘጋጀም።

ጠጠር፦ የተናቀው አማራጭ

ጠጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አቧራና ጉድጓድ ነው። የሚያየው ግን በደንብ ያልተሠራ ጠጠር መንገድ ነው። በትክክል የተሠራ ጠጠር ጥቂት መኪና ለሚመላለስበት መንገድ ሙሉ መልስ ሊሆን ይችላል። ሲበላሽም በቀላሉ ይስተካከላል።

ምስጢሩ ያለው ድብልቁ ላይ ነው። ታጥቦ የጠራ ጠጠር ሲያዩት ያምራል፣ ግን የሚያያይዘው ነገር ስለሌለው እንደ ብይ ከጎማ ሥር ይሸሻል። የላይኛው ንብርብር ትልልቁም፣ መካከለኛውም፣ ደቃቁም፣ ትንሽ ሸክላም ያስፈልገዋል። አንድ እፍኝ አንሡና በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ከያዘ ጥሩ ነው። ከተበተነ ማያያዣ ጎድሎታል። እንደ ሊጥ እጅ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሸክላው በዝቷል፤ ሲዘንብ ያንሸራትታችኋል።

መሐሉ ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት። ለጠጠር ከ4 እስከ 6 በመቶ ተዳፋት ይመከራል። መንገዱ 3 ሜትር ከሆነ መሐሉ ከዳሩ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ጠፍጣፋ ጠጠር መንገድ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ውሃው ጎማ ሲያርፍበት እየተፈናጠረ ደቃቁን ይዞ ይወጣል፣ ጉድጓድም ይሆናል።

ድክመቱን አልደብቅም። አቧራ አለ። በየጊዜው በግሬደር ወይም ከትራክተር ኋላ በሚጎተት ምላጭ መስተካከል አለበት። ጠጠሩ እየተበተነ ስለሚያልቅ በየጥቂት ዓመቱ መጨመር ይፈልጋል። መኪና በፍጥነት የሚነዳበት ወይም ፍሬን የሚይዝበት ቦታ እንደ ቆርቆሮ ይጨማደዳል። ዳገት ላይ ደግሞ ጎርፍ ይጠርገዋል። ቁልቁለቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ጠጠር ላይ ባትደክሙ ይሻላል።

ሬንጅ ረጭቶ ጠጠር መበተን

ሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ሰርፌስ ትሪትመንት ይሉታል። ተጠቅጥቆ በተዘጋጀ የድንጋይ መሠረት ላይ ትኩስ ሬንጅ ወይም ኢመልሽን (ከውሃ ጋር የተዋሃደ ሬንጅ) ይረጫል፣ ወዲያው ደቃቅ ጠጠር ይበተንበታል፣ ሮለር ይሄድበታል። ሁለት ጊዜ ከተደገመ ድርብ ይባላል፤ ለገጠር መንገድ የምመክረው ድርቡን ነው።

አቧራውን ያጠፋል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ከአስፋልት ኮንክሪት፣ ማለትም ከተለመደው ትኩስ አስፋልት፣ በብዙ ይረክሳል። ነገር ግን ለመንገዱ ጉልበት አይጨምርም። ከሥሩ ያለው ከጎበጠ እሱም አብሮ ይጎብጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልያዘ ጠጠር እየተፈናጠረ መስታወት ሊመታ ስለሚችል በዝግታ መንዳትና ትርፉን ጠጠር መጥረግ ግድ ነው። ሬንጁ ከመጠን በላይ ከተረጨ በሙቀት ቀን ላዩ ላይ ወጥቶ ያብረቀርቃል፤ ጫማና ጎማ ላይ ይለጠፋል። ከባድ መኪና እየተጠማዘዘ የሚዞርበት በር ፊት ላይም ቶሎ ይላጣል።

ለረጅምና ቀጥ ላለ የገጠር መንገድ ግን፣ መሠረቱ ጥሩ ከሆነ፣ ለገንዘቡ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። የሚገርመው፣ የግል መንገድ የሚያሠሩ ሰዎች ስሙን እንኳ አይጠሩትም።

ተፍቆ የተነሣ አሮጌ አስፋልት

ትልልቅ መንገዶች ሲታደሱ የቀድሞው አስፋልት በማሽን ተፍቆ ይነሣል። ያ ፍርፋሪ ተዘርግቶ በደንብ ሲጠቀጠቅ፣ በተለይ በፀሐይ፣ የቀረው ሬንጅ እንደገና ይያያዛል። ከጠጠር ያነሰ አቧራ አለው፣ ከአስፋልት ይረክሳል። በአቅራቢያችሁ ከተገኘ ጥሩ ነው። ከሩቅ ከመጣ ግን የማጓጓዣው ዋጋ ጥቅሙን ይውጠዋል።

ትኩሱ አስፋልት

አሁን ሁሉም ወደሚፈልገው እንምጣ። አስፋልት ኮንክሪት ማለት 95 በመቶ ገደማ ድንጋይና አሸዋ፣ ቀሪው ሬንጅ የሆነ ድብልቅ ነው። ከማምረቻው 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። 80 ዲግሪ ገደማ ከመድረሱ በፊት ተጠቅጥቆ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ሮለሩ ቢመላለስበትም ድካም ብቻ ነው። በውስጡ ክፍተት ይቀራል፣ ክፍተቱ ውሃና አየር ያስገባል፣ ሬንጁም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

የሚሰጠው ምቾት አያከራክርም። አቧራ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ብስክሌትም ጋሪም ይሄድበታል፣ በማግስቱ ይነዳበታል። መሠረቱ ጥሩ ከሆነና ስንጥቁ በጊዜው ከተደፈነ 15 ወይም 20 ዓመት ያገለግላል። መሠረቱ መጥፎ ከሆነ ግን ሁለተኛውን የዝናብ ወቅት ላያልፍ ይችላል።

ውፍረቱ ላይ አትደራደሩ። የቤት መኪና ብቻ ለሚሄድበት የተጠቀጠቀ 5 ሴንቲ ሜትር፣ የጭነት መኪና ለሚገባበት 7 ወይም 8፣ ከሥሩ ደግሞ በደህና አፈር ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ የተፈጨ ድንጋይ ያስፈልጋል። «የተጠቀጠቀ» የምትለዋን ቃል ውል ላይ አስጽፉ። ልል ሆኖ የተዘረጋ አስፋልት ሲጠቀጠቅ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ለማግኘት ከ6 በላይ መዘርጋት አለበት። እኔን ያታለለኝ ሥራ ተቋራጭ «5 ሴንቲ» ያለው ሲዘረጋ የነበረውን ነው። ከወራት በኋላ ዳሩ ሲሸረፍ ማስመሪያ አስጠግቼ ስለካው አራት እንኳ አልሞላም። ውሉ ላይ የተጻፈው «5 ሴ.ሜ አስፋልት» ብቻ ስለነበር የምለው አልነበረኝም።

ሌላም አለ። የንብርብሩ ውፍረት ድብልቁ ውስጥ ካለው ትልቁ ጠጠር ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ጠጠር ድብልቅ በ4 ሴንቲ ሜትር ከተነጠፈ ድንጋይ ከድንጋይ ተደጋግፎ ይቀራል እንጂ አይጠቀጠቅም። ለቀጭን ንጣፍ ደቃቅ ድብልቅ ጠይቁ።

የክብደት ነገርንም አስቡበት። በአሜሪካ ኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ላይ የተመሠረተ አንድ መርህ አለ፤ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማ በሚያያይዘው ዘንግ) ክብደት አራተኛ ኃይል ገደማ ነው፤ ክብደቱ አራት ጊዜ ተደርድሮ እርስ በርሱ ሲባዛ እንደማለት። 8 ቶን የሚጭን አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያደርሰው ጉዳት 1 ቶን የሚጭን አክስል 4,000 ጊዜ ቢመላለስ ከሚያደርሰው ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ገና የምትሠሩ ከሆነ አስፋልቱን አቆዩት። አሸዋ፣ ሲሚንቶና ብረት የሚያመጡት መኪኖች ሥራቸውን ይጨርሱ። እስከዚያ ጠጠሩ ላይ እየተመላለሱ መሠረቱን ይጠቀጥቁላችሁ፤ ደካማውንም ቦታ ያሳዩአችኋል።

አስፋልት የማይወደው ነገር ናፍጣና ቤንዚን ነው። ሬንጁን ያሟሙታል። ትራክተር ወይም ጄኔሬተር ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ ላይ አታንጥፉት።

ኮንክሪት

ዳገት ላይ፣ ከባድ መኪና የሚዞርበት ቦታ ላይና ነዳጅ የሚፈስበት ቦታ ላይ ኮንክሪት አስፋልትን ያስከነዳል። ላዩን በመጥረጊያ ፈተግ ካደረጉት ጎማ አያንሸራትትም። ዕድሜውም ይረዝማል። ግን ውድ ነው፤ መኪና እስኪገባበት ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ 28 ቀን ይፈልጋል። ያውም በየቀኑ ውሃ እየጠጣ። የመገጣጠሚያ መስመር በጊዜው ካልተቆረጠለት ራሱ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል። ለ12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በየ3 ሜትሩ ገደማ መቁረጥ ነው። ሲሰበር ደግሞ እንደ አስፋልት በቀላሉ አይለጠፍም።

ብዙ ሰው የማያስበው ርካሽ መላ አለ። ሁለት መስመር ብቻ ኮንክሪት ሙሉ፤ ለግራና ለቀኝ ጎማ፣ እያንዳንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መሐሉ ሣር ወይም ጠጠር ይሁን። ኮንክሪቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ውሃውም የሚሰርግበት ያገኛል። ለዳገታማ ቀጭን መንገድ ይሄን በጣም እወደዋለሁ።

ኮብልስቶንም አለ። ያምራል፣ ተነሥቶ ይመለሳል፣ ቱቦ ለማሳለፍ የሚመቸውን ያህል ሌላ የለም። ለግቢና ለአጭር መንገድ ይሁን። 300 ሜትር ግን የእጅ ሥራው ብዙ ነው።

ታዲያ የቱን?

ከመንገዱ ርዝመት በፊት የመኪናውን ዓይነትና የዳገቱን ነገር አስቀድሙ። ሜዳ ላይ ያለ፣ በቀን ጥቂት የቤት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ ጥሩ ጠጠርና ጥሩ ቦይ ይበቃችኋል። አቧራው ካስመረራችሁ ወይም አጠገቡ ቤት ካለ በዚያው ጠጠር ላይ ድርብ ሰርፌስ ትሪትመንት። ብዙ አባወራ የሚጋራው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና የሚመላለስበት ከሆነ አስፋልት ዋጋውን ያወጣል።

ደግሞ መንገዱ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን ያለው ማን ነው? እኔ ዛሬ ባሠራ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኘውን የመጀመሪያ 10 ሜትር አስፋልት አደርገዋለሁ፤ ጠጠር ተጎትቶ ዋናው መንገድ ላይ እንዳይበተን። ዳገቱን ኮንክሪት፣ ቤቱ ፊት ያለውን አቧራ እንዳይገባ አስፋልት፣ ቀሪውን ጠጠር። መጠንቀቅ ያለባችሁ መገናኛው ላይ ነው። ጠጠሩ ከአስፋልቱ ጫፍ ሥር እየተቦረቦረ ደረጃ ይሠራል፣ ጎማ ሲመታው ጫፉ ይሸረፋል። እዚያ ላይ የአስፋልቱን ጫፍ አወፍሩት፣ ወይም በኮንክሪት ዝጉት።

መንገዱ የጋራ ከሆነ

ይሄ ከምህንድስናው በላይ ራስ ምታት ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰው 20 ሜትር ይጠቀማል፣ መጨረሻ ያለው 300 ሜትር። በእኩል ክፈሉ ሲባል የመጀመሪያው ይቆጣል፣ በርቀት ሲባል የመጨረሻው። የጭነት መኪና ያለው ደግሞ ዝም ይላል። ፍትሐዊ የሚመስለኝ መንገዱን ቆራርጦ እያንዳንዱን ክፍል በሚጠቀሙበት ሰዎች ብቻ ማካፈል፣ ከባድ መኪና ያለው ደግሞ እንዲጨምር ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ቦዩን ማን ይጠርጋል፣ ሲሰነጠቅ ማን ያስደፍናል የሚለው ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ከሕዝብ መንገድ ጋር ለመገናኘትና ውሃ ወደዚያ ለመልቀቅም ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለሚያነጥፈው ሰው

አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «እዚህ ቅርብ ሥራ ላይ ነበርን፣ አስፋልት ተርፎናል፣ በርካሽ እናንጥፍላችሁ» ካለ፣ አመስግናችሁ በሩን ዝጉ። ብዙ አገር የታወቀ ማታለያ ነው። እስቲ አስቡት፤ የተረፈ አስፋልት እየበረደ ያለ አስፋልት ነው። ቦይ አልተቆፈረ፣ መሠረት አልተጠቀጠቀ፣ በሁለት ሰዓት ምን ሊሠራ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የመሠረቱ ውፍረት፣ የአስፋልቱ የተጠቀጠቀ ውፍረት፣ ተዳፋቱና የቦዩ ሥራ ተለይተው ካልተጻፉ ዋጋውን ማወዳደር አትችሉም። ቶኑንም ራሳችሁ አስሉ፦ 900 ካሬ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር 45 ሜትር ኩብ ነው፤ ተጠቅጥቆ አንዱ ሜትር ኩብ 2.3 ቶን ከምናምን ስለሚመዝን 105 ቶን ገደማ ይሆናል። የእያንዳንዱን መኪና የሚዛን ወረቀት ተቀበሉ። ድምሩ 70 ቶን ከሆነ ቀሪው የት እንደገባ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በዕለቱ ወንበር ይዛችሁ ውጡ። ሽቦ ቢጤ ያዙና ከአንጣፊ ማሽኑ ኋላ እየሰካችሁ የልሉን ውፍረት ለኩ። መሠረቱ ከአቧራ ተጠርጎ ሬንጅ ተቀብቷል ወይ? ድብልቁ ተሸፍኖ ነው የመጣው? ሮለሩ ወዲያው ይከተላል ወይስ ሹፌሩ ሻይ ላይ ነው? ዳሮቹ ተስተካክለው፣ በተጠቀጠቀ ትከሻ ተደግፈዋል? ዳር ላይ የሚደግፈው አፈር ወይም ጠጠር የሌለው አስፋልት እንደ ብስኩት ይቆረሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ሲሞቅ፣ መኪናው ቆሞ መሪ አታዙሩ። ሞተር ብስክሌት በመቆሚያው ስታቆሙ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ። በኋላ ቀጭን ስንጥቅ ስታዩ ዝናብ ሳይመጣ አስደፍኑት። ስንጥቁ የአዞ ቆዳ ከመሰለ ግን የሞተው መሠረቱ ነው። ከላዩ አዲስ አስፋልት ቢደርቡበት ያው ቅርጽ ተመልሶ ይወጣል። ቆርጦ ማውጣትና ከሥር መጀመር ነው።

አንድ የረሳሁት። ከመነጠፉ በፊት መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ሦስት ቦታ ቅበሩ፤ ነገ ውሃ፣ መብራት ወይም የኢንተርኔት መስመር ማሳለፍ ሲያምራችሁ አዲሱን አስፋልት በመጋዝ እንዳትቆርጡት። ሁለቱንም ጫፍ ክደኑ፣ ፎቶ አንሡ፣ ከበሩ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ለክታችሁ ከውሉ ጋር አስቀምጡ።